ጥላ ሥር የቆመው ፖሊስ ምን እየሠራ ነው?

ጥያቄ፦ «21 ዓመቴ ነው፤ ድሬዳዋ ሳቢያን እኖራለሁ። 12ኛ ክፍል ጨርሼ ባጃጅ እነዳለሁ። ቀጣዩ የፖሊስ ምልመላ ሲወጣ ልመዘገብ አስቤያለሁ። መንገድ ላይ የማያቸው ፖሊሶች ግን አብዛኛውን ቀን ጥላ ሥር ቆመው ነው የሚውሉት። የሰፈር ልጆች ደግሞ ‹ፖሊስ ከሆንክ የጠረጠርከውን 48 ሰዓት ማሰር ትችላለህ፣ ማንም አይጠይቅህም› ይሉኛል። እናቴ ትገደላለህ ብላ ትፈራለች። የፖሊስ ትክክለኛ ውሎ ምን ይመስላል? ጎን ለጎን የማታ ትምህርት መማርስ እችላለሁ?»

ምላሽ፦

ጥላ ሥር የምታየው ፖሊስ የተመደበበትን ቀጣና እየጠበቀ ነው። ታይዋን ገበያ መግቢያ ወይም ቀፊራ ገበያ ጥግ ላይ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ሲቆም ኪስ አውላቂው ሰዓቱን ወይም ቦታውን ይቀይራል። ያልተፈጸመ ስርቆት ስለማይታይ ሥራው ሥራ አይመስልም እንጂ፣ የቆመው ሰው በደንብ ከሠለጠነ ዓይኑ አያርፍም። የትኛው ባጃጅ ተሳፋሪ ሳይጭን አንድ ቦታ ሦስት ጊዜ እንደዞረ፣ የትኛው ልጅ ገበያ መጥቶ ዕቃ ሳይሆን የሰው ቦርሳ እንደሚያይ ይከታተላል። ይህን የሚያደርገው ቀበቶው ላይ ዱላ፣ ካቴናና ሬዲዮ አንጠልጥሎ ነው። ካዝናው የሞላ ክላሽ ከያዘ ደግሞ 4 ኪሎ ገደማ ይጨመርበታል። የድሬን የግንቦትና የሰኔ ሙቀት ታውቀዋለህ። ጀማሪዎችን ቀድሞ የሚያሸንፋቸው እግራቸውና ውኃ ጥማቸው ነው፤ ጫማ የሚያሳብጠው እግርና በላብ የሚቆስል ጭን በሁለተኛው ሳምንት ይመጣሉ። ስለዚህ ጥላ መፈለግ ስንፍና አይደለም። ስንፍናው ጥላው ሥር ሆኖ ስልክ ላይ ማፍጠጥ ነው፤ እሱን ካየህ ትዝብትህ ልክ ነው።

ፈረቃ የሚጀመረው በርክክብ ነው። የፈረቃው ርዝመት እንደ ጣቢያው፣ እንደ ክፍሉና እንደ ጊዜው ይለያያል፤ 8 ሰዓት፣ 12 ሰዓት፣ አንዳንዴም 24 ሰዓት ሊሆን ይችላል። ገቢው ተረኛ ከወጪው ተረኛ ሰው፣ መሣሪያና ኤግዚቢት (በማስረጃነት የተያዘ ዕቃ) ቆጥሮ ይረከባል። በማቆያ ክፍል ያለው እያንዳንዱ ሰው በስሙ ተጠርቶ ፊቱ ይታያል፤ የታመመ ወይም የተጎዳ ካለ ያኔውኑ ይጻፋል፤ የተያዘበት ሰዓትም ይነበባል። የመሣሪያው ቁጥር ከመዝገቡ ጋር ይመሳከራል። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ይዞራል፣ ካዝናው ይነቀላል፣ ተቀባብሎ ውስጡ ባዶ መሆኑ በዓይን ይረጋገጣል፤ ጥይቱም አንድ በአንድ ይቆጠራል። የሞላ የክላሽ ካዝና 30 ጥይት ነው፤ 29 ከሆነ መጻፍ ያለበት 29 ነው። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ወጪው ተረኛ ደክሞታል፣ መኪናው እየጠበቀው ነው፣ «ሁሉም ሙሉ ነው፣ ፈርምልኝ» ይላል። ሳይቆጥር የፈረመ የጎደለውን ወርሷል። ከሦስት ቀን በኋላ አንድ ጥይት ሲጠፋ መዝገቡ የሚጠራው የመጨረሻውን ፈራሚ ነው።

ከርክክብ በኋላ ስምሪት አለ፤ ማን የት እንደሚቆም፣ ማን በእግር እንደሚዘዋወር፣ ማን ጣቢያ ቀርቶ ቃል እንደሚቀበል በፈረቃ ኃላፊው ይነገራል። ከዚያ በኋላ የምትውለው፣ ማንም ስለማይነግርህ የሚገርምህ፣ በመጻፍ ነው።

አንዲት ሴት አሸዋ ገበያ ላይ ስልኬን ተሰረቅሁ ብላ ጣቢያ መጣች እንበል። አቤቱታዋ በጽሑፍ ይሰፍራል፣ ይነበብላታል፣ ቀኑ ተጽፎ ትፈርምበታለች፤ መፈረም ካልቻለች በጣት አሻራ ታረጋግጣለች። «ስልክ ተሰረቀ» ብሎ መጻፍ አንድ ደቂቃ ይወስዳል፤ በትክክል መጻፍ 20 ደቂቃ። እያንዳንዱ ስልክ 15 አኃዝ ያለው የአይኤምኢአይ መለያ ቁጥር አለው። *#06# ሲደወል ይወጣል፤ ስልኩ ግን አሁን በእጇ የለም። ስለዚህ ካርቶኑን ወይም የተገዛበትን ደረሰኝ እንድታመጣ መንገር አለብህ። ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ሁለት ቁጥር አለው፤ ሁለቱም ይጻፉ። የሽፋኑ ቀለም፣ የመስታወቱ ስንጥቅ በየትኛው ጥግ እንደሆነ፣ ውስጡ የነበረው ሲም ቁጥር፣ ለመጨረሻ ጊዜ በእጇ መኖሩን ያረጋገጠችበት ሰዓት፣ ማን አጠገቧ እንደነበረ፣ ሁሉም ይሰፍራል። ይህ ካልሆነ በሳምንቱ መጋላ አንድ ስልክ ጠጋኝ ዘንድ ስልክ ሲገኝ፣ መዝገቡ ላይ ያለው «ጥቁር ሳምሰንግ» የሚለው ቃል የከተማውን ግማሽ ስልክ ይገልጻል። ዐቃቤ ሕጉ መዝገቡን ይመልሰዋል፣ ተጠርጣሪው ይወጣል፣ ሴትዮዋም «ፖሊስ ለቀቀው» ትላለች።

ሰዓት ሲጻፍም ጥንቃቄ አለው። «4 ሰዓት ላይ» ብሎ የጻፈ ምንም አልጻፈም፤ ከጠዋቱ ነው ከምሽቱ? የሐኪም ማስረጃ ደግሞ በአውሮፓ አቆጣጠር ተሞልቶ ሊመጣ ይችላል። የአንተ መዝገብ ጥር 3 ሲል የሐኪሙ ወረቀት ጃንዋሪ 11 ካለ፣ ሁለቱ አንድ ቀን መሆናቸውን እዚያው ማስታወሻ ላይ ካላሰፈርክ ተከላካይ ጠበቃ ያገኘዋል። ቋንቋም እንደዚሁ ነው። የድሬዳዋ አስተዳደር የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ወደ ጣቢያ የሚገባው ሰው ግን ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ ብቻ ሊናገር ይችላል። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 27 ቃሉ የሚጻፍበትን ቋንቋ በሚገባ ለማይረዳ የተያዘ ሰው ብቁ አስተርጓሚ እንዲቀርብለት፣ አስተርጓሚውም ትክክለኛነቱን እንዲያረጋግጥ ያዛል። በችኮላ የከሳሹን የአጎት ልጅ አስተርጓሚ ማድረግ የተለመደ ስህተት ነው፤ መዝገብ ያበላሻል።

አሁን ወደ 48 ሰዓቱ። የሰፈር ልጆች የነገሩህ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ይህን አምኖ የገባ ሰው አንድ ቀን ራሱ ተከሳሽ ሆኖ ይቆማል። 48 ሰዓት ለፖሊስ የተሰጠ የማሰሪያ ፈቃድ አይደለም፤ የተያዘውን ሰው ፍርድ ቤት ለማቅረብ የተቀመጠ የመጨረሻ ገደብ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በሚገባው ቋንቋ የተያዘበት ምክንያት ወዲያው እንዲነገረው፣ ዝም የማለት መብቱ እንዲገለጽለት፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ይላል፤ ከዚህ ውጭ የሚታሰበው ወደ ፍርድ ቤት ለመሄድ በአግባቡ የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው። በድሬዳዋ ከተማ ውስጥ ደግሞ ጉዞ ሰበብ አይሆንም። ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው እጅህ ትከሻው ላይ ካረፈበት ደቂቃ ነው፤ ጣቢያ ደርሶ ከተመዘገበበት አይደለም።

ዐርብ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ለገሃሬ አካባቢ አንድ ሰው ያዝክ እንበል። ገደቡ እሑድ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ያልቃል። ያዡ የተያዘበትን ሰዓት «ማታ» ብሎ ጽፎ ከሄደ መርማሪው ቅዳሜ ጠዋት ከምን ተነስቶ ያሰላል? ስለዚህ ያዡ ፖሊስ በዚያው ምሽት ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የያዘበትን ምክንያት፣ ኪሱ ውስጥ ያገኘውን ዕቃና ያዩትን ሰዎች አድራሻ ጽፎ ማስረከብ አለበት። ተረኛ ችሎት መቼ እንደሚያስችል ማወቅ የመርማሪው ሥራ ነው፤ የምስክር አድራሻ አለመጥፋቱ ግን የአንተ። ፍርድ ቤት ሲቀርብ መርማሪው ምን እንደቀረው ዘርዝሮ ጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ተጨማሪ የምርመራ ጊዜ ይጠይቃል፤ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 መሠረት አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን መብለጥ አይችልም። «ምርመራ አልጨረስንም» ብቻ ብሎ የቀረበ መርማሪ ዳኛው ፊት ያፍራል።

መያዝም በገዛ ፈቃድ የሚደረግ ነገር አይደለም። ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ መያዝ የሚቻለው በተለይ ሰውየው እጅ ከፍንጅ ሲገኝና ወንጀሉ ከ3 ወር በማያንስ ቀላል እስራት የሚያስቀጣ ሲሆን፣ ወይም ከ1 ዓመት በማያንስ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ለመፈጸሙ በቂ ጥርጣሬ ሲኖር ነው፤ የቀሩትን ሁኔታዎች የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 51 ይዘረዝራቸዋል። ቤት መበርበር የዳኛ ትዕዛዝ ይፈልጋል፤ ትዕዛዙ ሌላ ካላለ ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ። ያለ ትዕዛዝ የሚገባባቸው ሁኔታዎች ጠባብ ናቸው፤ ለምሳሌ ስታሳድደው የነበረ ሰው ሮጦ ቤት ከገባ። የተያዘን ሰው መምታት ወይም ማስፈራራት ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 424 ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ በማስገደድ የተገኘ ቃልም በማስረጃነት ተቀባይነት የለውም። አለቃህ ቢያዝህም አታድርገው። አዝዞኛል ማለት አያድንህም።

ለእናትህ እውነቱን ንገራት። አደጋ አለ፤ የሚመጣው ግን ብዙ ጊዜ እሷ ከምታስበው በኩል አይደለም። ድሬ ከቀትር በኋላ በሙቀቱና በጫቱ ትረጋጋለች፤ ጥሪው የሚበዛው ምሽት ላይ፣ ጨብሲው (ከጫት በኋላ የሚጠጣው መጠጥ) ከተጀመረ በኋላ ነው። ከጥሪው ብዙው የቤት ውስጥ ጠብ ነው፤ ባልና ሚስት፣ ወንድማማቾች፣ አከራይና ተከራይ። ወደዚህ ዓይነት ቤት ብቻህን አትግባ። በሩ ፊት ለፊት አትቁም፤ ጎን ላይ ቆመህ አንኳኳ። ከገባህ በኋላ የሁሉም ሰው እጅ መታየት አለበት። የሚጣሉትን ከማዕድ ቤቱ አርቀህ ለየብቻ አስቀምጥ፤ ቢላው፣ ዘነዘናውና ትኩሱ ውኃ እዚያ ነው ያለው። ጀርባህን ለማዕድ ቤት በር አትስጥ። አንዱን አንተ፣ ሌላውን ጓደኛህ እንዲያናግሩ አድርግ፤ ተያይተው እንዳይጮኹ፣ እናንተ ሁለታችሁ ግን እንድትተያዩ። ልጆች ካሉ ቁጠራቸው፣ እያቸው። የተጎዳ ካለ ቃል መቀበሉ ይቆይ፤ ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ወይም ቅርብ ወዳለ ጤና ጣቢያ ይሂድ፣ የሕክምና ማስረጃ እንዲሞላለትም ደብዳቤ ይጻፍ።

ከዚያ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። እዚህ ላይ መለየት ያለብህ ነገር አለ። ስድብና ቀላል የአካል ጉዳት በግል አቤቱታ የሚያስከስሱ ናቸው፤ ተበዳዩ ካልፈለገ ክስ አይቀጥልም፣ ከፈለገ ደግሞ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ባወቀ በ3 ወር ውስጥ ማቅረብ አለበት። ከባድ የአካል ጉዳት፣ አስገድዶ መድፈር፣ የግድያ ሙከራ ግን በእርቅ አይዘጉም። ሽማግሌዎቹ አባቶችህ ቢሆኑም፣ ጫት ቀርቦ ዱዓ ተደርጎ ቢጨረስም መዝገቡ ይቀጥላል። በትሕትና አስረዳቸው፣ እርቁ ለቤተሰቡ ይጠቅማል በላቸው፣ መዝገቡን ግን አትዝጋ። ብዙ ሴቶች የተጎዱት በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ይህን ልዩነት ባለማወቁ ነው።

ደም ያለበት ቦታ ቀድመህ ከደረስክ ሥራህ ሦስት ነው፦ ሕይወት ያለውን ማትረፍ፣ ቦታውን ማጠር፣ ምንም አለማንሳት። ቢላውን «እንዳይጠፋ» ብሎ ማንሳት አሻራውን ያጠፋዋል። ደም የነካው ልብስ ሲሰበሰብ በወረቀት ይጠቀለላል። ፌስታል ውስጥ ከገባ ያልባል፣ ይሻግታል፤ በድሬ ሙቀት ደግሞ ይህ ብዙ ቀን አይፈጅበትም።

የከተማው ጠባይ የሚጨምረው ሥራም አለ። ከተማውን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ይከርምና ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ በደጋው፣ ደንገጎ በኩል በዘነበ ዝናብ ይሞላል። በ1998 ክረምት በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ክረምት ላይ ከደጋው በኩል ሰማዩ ከጠቆረ አሸዋው ላይ ያለን ሰው ማስነሳት የፖሊስ ሥራ ነው፤ «ዕቃዬን ላንሳ» የሚልህን ሰው ታገሰው ማለት አብሮ መሞት ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል ናቸው፤ ምእመኑ በድሬ በኩል ሲጎርፍ ዕረፍት ይታጠፋል። ጥምቀትና ዒድም እንዲሁ። ሌላው ሲያከብር አንተ ትቆማለህ፤ ይህን ከአሁኑ ለቤተሰብ መንገር ይሻላል። ወሰኑም ቅርብ ነው፤ ተጠርጣሪህ ወደ ሽንሌ ወይም ወደ ደንገጎ ከተሻገረ ሌላ ክልል ገብቷልና ከዚያኛው ፖሊስ ጋር ተነጋግሮ መሥራት ግድ ይሆናል።

ባጃጅ መንዳትህ ይጠቅምሃል፤ ከገንደ ቆሬ እስከ መልካ ጀብዱ መንደሩን ሁሉ ታውቀዋለህ። ያው ዕውቀት ወጥመድም ነው። ትናንት አብረውህ የተሰለፉ ሾፌሮች ነገ «አንተ እያለህ?» ይሉሃል። የዘመድ ወይም የቅርብ ጓደኛ ጉዳይ ሲገጥምህ ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ለኃላፊህ ተናግረህ ለሌላ አባል እንዲሰጥ አድርግ፤ ዘግይተህ ብትናገር ማንም አያምንህም።

የማታ ትምህርቱን በተመለከተ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት አትመዝገብ። ፈረቃህ ይዞራል፤ በአንድ ሳምንት ሁለት ፈተና ያመልጥሃል፣ ገንዘብህም ይባክናል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ፖሊስን አይመለከትም፤ በቀን 8 ሰዓት ብቻ እሠራለሁ ብለህ በእሱ መከራከር አትችልም። ሥራውን ከለመድክ በኋላ የርቀት ትምህርት ይሻልሃል። በሙያው መግፋት ከፈለግህ ደግሞ ሰንዳፋ የኢትዮጵያ ፖሊስ ዩኒቨርሲቲ አለ። ማዕረጉ ከኮንስታብል ተነስቶ በረዳት ሳጅን፣ በምክትል ሳጅን እያለ የሚሄድ ረጅም መሰላል ነው። ደመወዙን ከባጃጅህ የዕለት ገቢ ጋር አታወዳድረው። የሦስት ወር ገቢህን ደምር፣ ነዳጁን፣ ጥገናውንና ለባለቤቱ የምታስገባውን ቀንስ፣ ለሦስት አካፍል፤ ከማስታወቂያው ደመወዝ ጋር የሚወዳደረው እሱ ቁጥር ነው።

ምክሬ ተመዝገብ ነው፤ ግን አንድ ወር ራስህን ፈትነህ። በየማታው በዕለቱ ያየኸውን አንድ ነገር በአንድ ገጽ ጻፍ፦ ሰዓቱ ከነጠዋት ከነምሽቱ፣ ቦታው፣ ማን ምን እንዳለ በራሱ ቃል፣ የአንተ ግምት ሳይገባበት። በማግስቱ ለሌላ ሰው ስጥና ያልገባውን ይጠይቅህ። ጥያቄው በወሩ መጨረሻ ካልቀነሰ፣ ወይም መጻፉ ራሱ ካንገሸገሸህ፣ ይህ ሥራ ያሠቃይሃል፤ አትግባ። ከኦሮምኛና ከሶማልኛ የማትችለውን ምረጥና «ስምህ ማን ነው?»፣ «የት ጋ ተመታህ?»፣ «አስተርጓሚ ትፈልጋለህ?» የመሳሰሉትን 50 ያህል ዓረፍተ ነገሮች ተማር። የተዘጋ ጫማ አድርገህ ሳትቀመጥ 4 ሰዓት ቁም፤ በሳምንት ሦስት ቀን። የሳበህ ነገር መሣሪያውና ‹ማንም አይጠይቅህም› የሚለው ቃል ከሆነ ግን፣ ቁመትህም ጤናህም ቢያሳልፍህ ቅጹን አትሙላ።

ካለፍክ፣ ውሉን ከመፈረምህ በፊት የግዴታ አገልግሎቱ ስንት ዓመት እንደሆነና ከዚያ በፊት የሚለቅ ሰው ምን እንደሚከፍል የሚናገረውን ክፍል ፈልገህ አንብብ። ካልተጻፈ ጠይቅ። የፈረምክበትን ቅጂ ተቀብለህ እናትህ ዘንድ አስቀምጥ።